የሶፍትዌር ሪኳየርመንትን ከቢዝነስ ግብ ጋር በካርታ ማያያዝ፦ ሱሉልታ ወተት ማሰባሰቢያ ግድግዳ ላይ እንደሳልነው

ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ አካባቢ ያለ አንድ የወተት አሰባሳቢ ማህበር አፕ ስሩልን ብሎ ጠርቶን ስንሄድ ሊቀመንበሩ ከኮታቸው ኪስ ያወጡልኝ በእስክሪብቶ የተፃፈ ሁለት ገፅ ወረቀት ነበር። ስቆጥረው 31 መስመር። የአባላት ምዝገባ፣ ሎግኢን፣ ዳሽቦርድ፣ ኤስኤምኤስ፣ በቴሌብር ክፍያ፣ የላም መታወቂያ፣ ሪፖርት በቀን በሳምንት በወር፣ ሌላም ሌላም። "ይሄን ስሩልን፣ ስንት ትላላችሁ?" አሉኝ።

ድሮ ቢሆን እዛው ቁጭ ብዬ ለያንዳንዱ መስመር ስንት ቀን እንደሚፈጅ እየገመትኩ ዋጋ እሰጥ ነበር። አሁን እንደዛ አላደርግም። ከዛ በፊት ለሌላ ድርጅት (ስሙ ይቆየን) እንዲሁ ዝርዝር ተቀብለን አንድም ሳናስቀር ሰርተን፣ ተፈራርመን አስረክበን፣ ከሶስት ወር በኋላ ለጥየቃ ስሄድ ኮምፒውተሩ ፌስታል ተደርጎበት ልጅቷ በደብተር ስትመዘግብ አገኘኋት። የተጠየቅነውን ሁሉ ሰርተናል እኮ፣ ግን የድርጅቱ ችግር የነበረበት ቦታ ቁጭ ብሏል። የነሱ ብር የኛ ጊዜ እንደዛ ሲሄድ ማየት በጣም ያሳዝናል፣ ለዚህ ነው ይሄን መመሪያ በዝርዝር የምፅፈው፤ በተለይ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ገላን ለመሳሰሉት አካባቢዎች አነስተኛ ሲስተም ለምትሰሩ ልጆች።

ዘዴው ኢምፓክት ማፒንግ ይባላል። በስፋት የታወቀው ጎይኮ አጂች የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ በ2012 እ.ኤ.አ. ስለሱ መፅሀፍ ካወጣ በኋላ ነው፣ ከዛ በፊትም ስዊድን ውስጥ ተመሳሳይ አሰራር ነበር። ጠቅላላ አራት ጥያቄ ነው፦ ለምን? ማን? እንዴት? ምን? ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣችሁ ትስሉታላችሁ። ግራ ጫፍ ላይ አንድ ግብ፣ ቀጥሎ ግቡ ላይ እጃቸው ያለበት ሰዎች፣ ቀጥሎ እነዛ ሰዎች ከዛሬው በተለየ ምን እንደሚያደርጉ፣ መጨረሻ ቀኝ ጫፍ ላይ እኛ የምንሰራው ነገር። ደንበኛ ይዞት የሚመጣው የስሩልን ዝርዝር (ሪኳየርመንት የምንለው) ሁሌም የቀኝ ጫፉ ብቻ ነው። የኛ ስራ መሀሉን ሞልቶ ከግራው ጋር ማገናኘት ነው፣ ካልተገናኘ ደሞ በግልፅ መናገር።

ከመጀመራችሁ በፊት

አራት ትልልቅ ነጭ ወረቀት በፕላስተር አገጣጥማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ሶስት አራት ቀለም ማርከር፣ ስቲኪ ኖት ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ኤ ፎር ወረቀት አራት ቦታ ቀዳችሁ በፕላስተር መለጠፍ ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ላይ ኮምፒውተር ላይ መሳል አልወድም፣ መብራት ይጠፋል፣ ደሞ ላፕቶፕ የያዘው ሰው ብቻ ነው የሚያወራው፣ ሌላው ተመልካች ይሆናል። ወረቀት ሲሆን ማርከሩን ለሊቀመንበሩም ለሾፌሩም ትሰጡታላችሁ። ሲያልቅ ፎቶ አንስታችሁ ማታ ድሮው አይ ኦ ወይም ኤክስካሊድሮው የሚባሉ የመሳያ ፕሮግራሞች ላይ ትገለብጡታላችሁ፣ ድሮው አይ ኦ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል።

ሰው ከአምስት እስከ ሰባት ይበቃል። ሁለት አይነት ሰው ግን የግድ ነው፦ ብሩን የሚወስነው ሰው እና ስራውን በእጁ የሚሰራው ሰው። አንዱ ከጎደለ ቀጠሮውን አዛውሩት፣ ይሄ ላይ አትለሳለሱ።

እና ከስብሰባው በፊት ሂዱና ስራው ሲሰራ እዩ። እኛ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማሰባሰቢያው በር ላይ ቆመን ነበር፣ ብርዱ ሌላ ነው። ገበሬው አንዳንዱ ራሱ፣ አንዳንዱ ልጁን ልኮ፣ ጄሪካን በአህያ ወይ በባጃጅ ይዞ ይሰለፋል። ተቀባይዋ ክዳኑን ከፍታ መጀመሪያ ታሸታለች፣ ከዛ ወተቱን ሲሊንደር ውስጥ ቀድታ ላክቶሜትር (የወተት ውፍረት መለኪያ) ትጨምርና ውሃ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ታያለች፣ ከዛ ትንሽ ወተት ከእኩል አልኮል ጋር ቀላቅላ ታወዛውዘዋለች፣ ከቋጠረ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል ማለት ነው፣ ትመልሰዋለች። ከዛ ሊትሩን በሁለት ደብተር ትፅፋለች፣ አንዱ የማህበሩ አንዱ የገበሬው። ሰልፉ እየረዘመ ሲመጣ ግን አንድ ነገር አየሁ፣ የአልኮሉን ፍተሻ መዝለል ጀመረች። አይሱዙው ሞተር አስነስቶ እየጠበቀ ነው፣ ሰው ይጮኻል፣ እጇ ሁለት ብቻ ነው። ይሄን በወረቀቱ 31 መስመር ውስጥ አታገኙትም።

አንደኛ፦ ለምን

ይሄ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ግብ ስል "አፕ ማሰራት" ወይም "ስራውን ዲጂታል ማድረግ" ማለቴ አይደለም፣ እነዚህ መንገድ ናቸው። ግብ ማለት ሶፍትዌር የሚለው ቃል ቢወጣም ትርጉም የሚሰጥ፣ በቁጥር የሚለካ የድርጅቱ ለውጥ ነው። እኔና ሊቀመንበሩ ያወራነው እንዲህ ነበር፦

"ጋሼ፣ አፑ ካለቀ በኋላ ምን ተቀይሮ ማየት ነው የሚፈልጉት?"
"ስራችን ዘመናዊ እንዲሆን ነዋ።"
"ዘመናዊ ሲሆን ምን ይቀራል?"
"ዝርክርኩ ይቀራል።"
"ዝርክርኩ አሁን ምን እያስከፈላችሁ ነው?"

ትንሽ ዝም አሉና "ልጄ፣ ወተቱ እየተመለሰብን እኮ ነው። ፋብሪካ ይደርስና ኮምጥጧል ይሉናል፣ የመኪና ከፍለን፣ ወተቱን ደፍተን እንመለሳለን" አሉኝ።

እዛ ጋ ቆምን። ግቡ ተገኘ ማለት ነው። እንግዲህ ስትጠይቁ "ለምን" "ለምን" እያላችሁ አታድርቋቸው፣ ምርመራ ይመስላል። "ምን ያስከፍላችኋል" ወይም "ይሄ ካልተስተካከለ ሰኔ ላይ ምን ትሆናላችሁ" ብትሉ ሰው በራሱ ጊዜ ያወራል።

ከዛ ግቡን አንድ ካርድ ላይ አራት ነገር አድርጋችሁ ፃፉት፦ ምኑ ይለወጣል፣ አሁን ስንት ነው፣ ስንት ይሁን፣ እስከ መቼ። የኛ እንዲህ ነበር፣ ቁጥሩን ለማሳያ ነው የማስቀምጠው፦ "ከፋብሪካ የሚመለሰው ወተት ከ100 ሊትር 9 ሊትር ነው፣ በ4 ወር ውስጥ ወደ 3 ይውረድ።" ከስሩ ደሞ በምን እንደሚለካ ፃፉ፣ እኛ የወሰድነው ሾፌሩ ከፋብሪካ ይዞ የሚመለሰውን ወረቀት ነው። አዲስ መለኪያ ከመፍጠር በፊት ድሮም የሚጠራቀም ወረቀት ካለ እሱን ተጠቀሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። "አሁን ስንት ነው" የሚለውን ስትለኩ ወቅቱን እዩ። ወተት ላይ ከሆናችሁ ፆም ሁሉን ይቀይረዋል፦ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ እሮብና አርብ ደሞ በየሳምንቱ አለ፤ ገዢ ይቀንሳል፣ ወተቱ ቆሞ ይውላል፣ ብልሽቱ ይጨምራል። መነሻውን በሁዳዴ ለክታችሁ ውጤቱን ከፋሲካ በኋላ ብትለኩ ቁጥሩ በራሱ ያማረ ይመስላል፣ ሶፍትዌራችሁ ግን ምንም አላደረገም። የትኛውም ዘርፍ ላይ እንዲህ አይነት ወቅት አለ፣ ሱቅ ከሆነ የበዓል ሰሞን፣ ትምህርት ቤት ከሆነ የምዝገባ ጊዜ። ስለዚ ፆምን ከፆም ፍስክን ከፍስክ ጋር አወዳድሩ።

ደሞ አንድ ካርታ አንድ ግብ። በስብሰባው መሀል አንዱ አባል "ገበሬው ክፍያ ሲዘገይበት ወተቱን ለሌላ ነጋዴ ይሸጣል" አለ፣ እውነትም ትልቅ ችግር ነው፣ ግን የተመለሰ ወተት ግብ አይደለም። በሌላ ወረቀት ጥግ ላይ ፃፍነውና አስቀመጥነው። የቴሌብር ክፍያ የሚለው መስመር እዛኛው ካርታ ላይ ነው የሚገባው።

ሁለተኛ፦ ማን

አሁን ጥያቄው፦ ይሄን ቁጥር ሊያወርድልን የሚችል ማን ነው? ሊያበላሽብንስ የሚችል? "ዩዘር" ብላችሁ እንዳትፅፉ በጣም እለምናችኋለሁ፣ "ገበሬ" የሚለው ራሱ ሰፊ ነው። እኛ መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነልን፦ ማታም ጠዋትም አልቦ አንድ ላይ የሚያመጣ ገበሬ፣ ወተቱን ተሸክሞ የሚመጣው ልጅ፣ ተቀባይዋ፣ የአይሱዙው ሾፌር፣ ፋብሪካ በር ላይ የሚቀበለው ሰው። ሒሳብ ሰራተኛውና ሊቀመንበሩም ተፅፈው ነበር፣ ግን "እነሱ የሚያደርጉት ምን ነገር ወተቱን ከመመለስ ያድነዋል?" ስንል መልስ ጠፋ። ዳሽቦርድ፣ የቀን ሪፖርት፣ የወር ሪፖርት የሚሉት ስድስት መስመሮች ሁሉ የተፃፉት ለነሱ ነበር። ሊቀመንበሩ ፊት ይሄን ማለት ይከብዳል፣ ግን ካርታው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ሰውየው ራሳቸው አይተው "እኔ እንኳን ልቆይ" አሉ።

ሰዎቹን ስትፅፉ ከስማቸው ስር ሁለት ሶስት ቃል ስለነሱ ጨምሩ፦ ስልኩ ምን አይነት ነው፣ በምን ቋንቋ ያነባል፣ ያን ሰዓት እጁ ነፃ ነው ወይ። እዚህ አካባቢ ያለው ገበሬ አብዛኛው የሚያወራው ኦሮምኛ ነው፣ ብዙው የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፣ ማንበብ የማይችልም አለ። የማህበሩ ወረቀት ደሞ "አንድሮይድ አፕ በአማርኛ" ይላል። ማንም አስቦበት ያጠፋው አይደለም፣ ዝም ብሎ ከፈፃሚው ሰው ሳይነሱ ሲፃፍ እንደዛ ነው የሚሆነው። ተቀባይዋ ስር ደሞ "እጇ እርጥብ ነው" ብለን ፃፍን፣ እቺ አንድ አረፍተ ነገር ሙሉ የስክሪን ዲዛይኑን ቀየረችው፣ ትልልቅ ቁልፍ፣ ምንም ፊደል የማያስፅፍ።

ሶስተኛ፦ እንዴት

የካርታው ልብ ይሄ ነው፣ ጊዜያችሁን እዚህ ጋ አጥፉ። ለያንዳንዱ ሰው "ከዛሬው በተለየ ምን ሲያደርግ ብናየው ግቡ ይቀርባል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የግድ ሰውየው የሚያደርገው ድርጊት መሆን አለበት፣ በአይን የሚታይ። ፊቸር (ሶፍትዌሩ የሚሰራው ነገር) ከሆነ ቦታው አይደለም።

"ገበሬው ኤስኤምኤስ ይደርሰዋል" የሚል ካርድ ተለጠፈ። ይሄ እኛ የምናደርገው ነው፣ ገበሬው ምንም አላደረገም። "ኤስኤምኤሱ ደርሶት ከዛስ?" ብለን ስንጠይቅ ከሾፌሩ መልስ መጣ፦ "ችግሩ የማታው ወተት ነው እኮ። ማታ ያለበውን ሳያቀዘቅዝ ያሳድረዋል፣ ጠዋት ከትኩሱ ጋር ይደባልቀዋል፣ አንድ ጄሪካን ሙሉውን ታንከር ያበላሸዋል።" ወተት ከጡት ሲወጣ የላሟን ሰውነት ሙቀት ይዞ ነው፣ ወደ 38 ዲግሪ፣ ቶሎ ወደ 4 ዲግሪ ካልወረደ ባክቴሪያው ሌሊቱን ሙሉ ሲራባ ያድራል። ስለዚ ካርዱ ተቀደደና "ገበሬው የማታውንና የጠዋቱን ወተት ለየብቻ ያመጣል" ተባለ። ይሄ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ሰልፉ ላይ ቆማችሁ ስንት ሰው ለይቶ እንዳመጣ መቁጠር ትችላላችሁ።

ተቀባይዋ ላይ "መረጃ በሲስተም ትመዘግባለች" የሚል ተለጥፎ ነበር። እሱም ድርጊት ቢመስልም ግቡን አይነካም፣ መመዝገቧ ወተት አያድንም። ጠዋት ያየነውን አነሳንና "ሰልፉ ቢረዝምም ሁሉንም ጄሪካን በአልኮል ትፈትሻለች" ብለን ቀየርነው። እሷ ራሷ ነች ማርከሩን ይዛ የፃፈችው፣ "ጊዜ ካገኘሁ እንጂ" ብላ ጨመረችበት። ያቺ "ጊዜ ካገኘሁ" ለቀጣዩ እርምጃ ቁልፍ ሆነች።

አንድ መፈተሻ ልስጣችሁ፦ ካርዱ ላይ ያለውን ግስ አንብቡት፣ ሰውየው በእጁ ወይ በእግሩ ወይ በአፉ የሚያደርገው ከሆነ አለፈ። "ያውቃል"፣ "ይገነዘባል"፣ "ይደርሰዋል"፣ "ያያል" ከሆነ ገና ነው፣ "ከዛስ?" በሉት።

አራተኛ፦ ምን

አሁን ገና ነው ወደ 31 መስመሩ የምንመለሰው። ወረቀቱን በመቀስ ቆራርጠን እያንዳንዱን መስመር ይዘን "ይሄ የትኛውን የሰው ለውጥ ያግዛል?" እያልን መለጠፍ ጀመርን። 9ኙ ቦታ አገኙ። 22ቱ ምንም ቅርንጫፍ አላገኙም። እነዛን እንዳትጥሉ፣ እንዳትከራከሩም፣ "ቆይታ" ብላችሁ ሌላ ወረቀት ላይ በክብር ለጥፏቸው፣ ደንበኛው ሀሳቡ እንዳልተናቀ ያይ።

ለያንዳንዱ ለውጥ ቢያንስ ሶስት አማራጭ ፈልጉ፣ አንዱ የግድ ሶፍትዌር ያልሆነ ይሁን። ተቀባይዋ ጊዜ እንድታገኝ፦ አንደኛ፣ የአባል ቁጥርና ሊትር ብቻ የምታስገባበት ሁለት ሳጥን ያለው ስክሪን። ሁለተኛ፣ የገበሬውን ደብተር ትቶ ማታ ላይ በኤስኤምኤስ የቀኑን ሊትር መላክ፣ ያኔ ሁለት ቦታ መፃፍ ይቀራል። ሶስተኛ፣ ከጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት የሚረዳት አንድ ሰው። በማህበሩ ዝርዝር ላይ ግን "የአባል ሙሉ መረጃ፣ 14 ቦታ የሚሞላ ፎርም" ነው ያለው፣ እሱ ቢሰራ ኖሮ ሰልፉን ያረዝመዋል፣ ፍተሻው ይዘለላል፣ ወተቱ ይመለሳል። እንደተፃፈ ብንሰራው ግቡን የሚጎዳ ሪኳየርመንት ማለት ነው፣ ይሄን ካርታው ላይ ባላየው ኖሮ እርግጠኛ ነኝ እሰራው ነበር።

ከዛ መስመሩን ከቀኝ ወደ ግራ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ "ባለ ሁለት ሳጥን ስክሪን ከሰራን፣ ተቀባይዋ ጊዜ አግኝታ ሁሉንም ትፈትሻለች፣ ሁሉንም ከፈተሸች የኮመጠጠው ታንከር ውስጥ አይገባም፣ ካልገባ የሚመለሰው ይቀንሳል።" ሲነበብ የሚያነክስ ቦታ ካለ ጆሯችሁ ይይዘዋል። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ግምት እንዳለበት አትርሱ፦ የሰራነው ነገር ሰውየውን ይለውጠዋል የሚል፣ የሰውየው ለውጥ ቁጥሩን ይቀንሳል የሚል። የትኛው ግምት እንደሚያሰጋችሁ በቀይ አክብቡ።

ከአማራጮቹ የቱ እንደሚሰራ ምርጫውን በኮከብ አድርጉ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሶስት ኮከብ፣ በዝምታ። መጀመሪያ ተቀባይዋና ሾፌሩ ያድርጉ፣ ሊቀመንበሩ መጨረሻ፣ አለበለዚያ ሁሉም የሳቸውን ነው የሚከተለው።

ወደ ስራ ዝርዝር መገልበጥ

እዚህ ጋ ብዙ መፃፍ አያስፈልግም። ኤክሴልም ይሁን፣ ትሬሎና ጂራ የሚባሉት የስራ ዝርዝር መያዣ ፕሮግራሞችም ይሁኑ፣ ለያንዳንዱ ሪኳየርመንት ሶስት ተጨማሪ ቦታ ክፈቱ፦ ግብ፣ ማን፣ ለውጥ። ቁጥር ስጡት፣ ለምሳሌ ግ1፣ ማ3፣ ለ1፣ ከዛ ስራው ስ1። ባዶ የቀረበት መስመር ወደ ስራ አይገባም። ዴቨሎፐሩም "ለ1 የተቀባይዋ ጊዜ ነው" የሚለውን ሲያይ ፎርሙ ላይ አንድ ተጨማሪ ሳጥን ከመጨመሩ በፊት ይጠይቃል። መረከቢያውም ይቀየራል፣ "ስክሪኑ ይሰራል" መባሉ ብቻ አይበቃም፣ "አንድ ገበሬ ለመመዝገብ ከ10 ሰከንድ በታች ይፈጃል፣ መብራትና ኔትወርክ ሳይኖርም ይመዘግባል" ብላችሁ ፃፉ።

ሳትሰሩ መሞከር

በቀይ የተከበበውን ግምት ኮድ ሳትፅፉ ሞክሩት። የኛ ትልቁ ግምት "መልእክት ከደረሰው ገበሬው ወተቱን ይለያል" የሚለው ነበር። የኤስኤምኤስ ሲስተም ከመስራት በፊት ከማህበሩ አንድ ልጅ ለሁለት ሳምንት በየማታው ለ20 ገበሬ በኦሮምኛ ደወለ፣ በቃ። ግማሽ ያህሉ ለይቶ ማምጣት ጀመረ። ሌሎቹ ጋ ሄደን ስንጠይቅ አንድ እናት "ልጄ፣ ያለኝ ጄሪካን እኮ አንድ ነው" አሉን።

ይሄን በየትኛውም ስክሪን አንፈታውም። ካርታው ላይ ከዛው ለውጥ ስር አዲስ ካርድ ለጠፍን፦ "ሁለተኛ እቃ በማህበሩ በኩል በዱቤ፣ ከወተት ሒሳብ ላይ የሚቆረጥ።" ከተቻለም ፕላስቲክ ጄሪካን መሆኑ ቀርቶ አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ካን ቢሆን፣ ጄሪካን ውስጡ እጅ ስለማያስገባ በደንብ አይታጠብም፣ ቅሪቱ ራሱ ያኮመጥጣል። ሶፍትዌር ሰሪ ሆኜ እቃ ግዙ ማለቴ ለአንዳንዱ ይገርመው ይሆናል፣ ግን ግድግዳው ላይ ያለው ግብ ስለ ወተት ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ካርታው ስር ቆማችሁ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ሰውየው ተለወጠ? ቁጥሩ ወረደ? ተለውጦ ቁጥሩ ካልወረደ ቅርንጫፉ ስህተት ነው፣ ቁረጡት፣ ምንም ያህል ኮድ ቢፃፍበትም። ካልተለወጠ የምትሰሩትን ቀይሩ፣ ሌላ አማራጭ አለ ያው ሶስት ፅፋችኋል። ቁጥሩ ግቡ ላይ ከደረሰ ደሞ የቀረው ካርድ ሁሉ ይቁም፣ አዲስ ወረቀት ለጥፉና ሁለተኛውን ግብ ጀምሩ።

ስለ ዋጋ የምትጠይቁኝ ስላላችሁ፦ ሙሉውን ዝርዝር በአንድ ዋጋ አትፈራረሙ። እኛ ውሉን የፈረምነው በሁለት ቅርንጫፍ ነው፣ የተቀባይዋ ስክሪን እና የማታው መልእክት፣ እያንዳንዱ የራሱ ዋጋና የራሱ መለኪያ ቀን አለው፣ የቀረው በስምምነት የሚጨመር ተብሎ ተፃፈ። የካርታው ፎቶ ከውሉ ጀርባ አባሪ ሆኖ ተያይዟል፣ ዋናው ወረቀት ደሞ እስካሁን ማሰባሰቢያው ውስጥ ከሚዛኑ በላይ ተለጥፎ አለ፣ "ጊዜ ካገኘሁ እንጂ" የሚለው የተቀባይዋ ፅሁፍ ላይ እሷው ራሷ በሰማያዊ ማርከር አንድ መስመር ሰርዛበታለች።